የአያት ቀዬ በጂፒኤስ፦ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

«የእኛ አገር በትክክል የት ነው?» ይህን ጥያቄ ከልጆቹ ያልሰማ ወላጅ ዛሬ ጥቂት ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥቶ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጅዳ ወይም በዋሽንግተን ቤት የሠራ አባት ለልጁ የሚሰጠው መልስ ከአባቱ የሰማውን ነው። «ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ዋርካውን አልፎ፣ ምንጩ ሳይደረስ» ይለዋል። አገሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ምንም አይጎድለውም። ዋርካውን አይቶ ለማያውቅ፣ ምናልባትም ዋርካው ከተቆረጠ በኋላ ለተወለደ ልጅ ግን ምንም አልተነገረውም ማለት ነው።

ልጁ ታዲያ ስልኩን ያወጣል። «አርብ ገበያ» ብሎ ይጽፋል፤ ስልኩም ያለ ምንም ማመንታት ካርታው ላይ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ከነጥቡ ሥር ስድስትና ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። ቁጥሩ ረጅም ስለሆነ እውነት ይመስላል። ልጁ ይህን ነጥብ ለአጎቱ ልጆች ይልካል፤ እነርሱም በየስልካቸው ያስቀምጡታል። ከአሥር ዓመት በኋላ አረጋውያኑ ወደ አኺራ ሲሄዱ በቤተሰቡ እጅ የሚቀረው ያ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ነጥቡ የተሳሳተ ከሆነ የሚያርመው ሰው አይኖርም።

በእስልምና ዝምድናን መቀጠል፣ ማለትም ሲለቱ ረሒም፣ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ውድ አንባብያን ያውቃሉ። ዘመድን ለመጠየቅ ደግሞ ዘመዱ ያለበትን ማወቅ፣ ያለፈውን በዱዓ ለማሰብና ቀብሩን ለመዘየርም ቀብሩን ማወቅ ይረዳል። ስለዚህ የቤተሰብን ቦታዎች በጂፒኤስ መመዝገብ መልካም ሥራ ነው። ጥያቄው ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል? የሚያስተማምነውስ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

የትኛው አርብ ገበያ?

የመጀመሪያው ስሕተት የሚመጣው ከስም ነው። በአገራችን ብዙ ከተሞች ስማቸውን ያገኙት ገበያ ከሚቆምበት ቀን ነው። ሐሙሲት ከሐሙስ፣ ማክሰኝት ከማክሰኞ፣ ሮቢት ከሮብ ተሰይመዋል። ሮቢት ብንል እንኳ በሸዋም አለ፣ በራያ ቆቦም አለ። አርብ ገበያም እንዲሁ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች፤ በዚያው በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳም ሌላ አርብ ገበያ አለች። ሁለቱ በአንድ ዞን ውስጥ ሆነው በመካከላቸው እስቴን የመሰለ ሰፊ አገር አለ። «ደቡብ ጎንደር፣ አርብ ገበያ» ብሎ የጻፈ ሰው አድራሻውን አሟልቶ የጻፈ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ከሁለቱ አንዱን ለመገመት ይገደዳል።

በዚህ ላይ የአጻጻፍ ልዩነት ይጨመራል። በአማርኛ «አርብ» እና «ዓርብ»፣ «ገበያ» እና «ገብያ» እየተባለ ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ አራትና አምስት ዓይነት መልክ ይይዛል። በአንዱ አጻጻፍ የተፈለገ ቦታ በሌላው ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል «የለም» ብሎ ከመደምደም በፊት ሁሉንም መሞከር ያስፈልጋል። በስዊድናዊው በርንሃርድ ሊንዳል የተሰባሰበውን የኢትዮጵያ የቦታ ስሞች ዝርዝር የተመለከተ ሰው አንድ ስም ስንት ቦታ እንደሚደጋገም ይገነዘባል።

የአስተዳደር ወሰንም አይቆምም። አያት «በጌምድር» ብሎ የተናገረውን አባት «ጎንደር ክፍለ ሀገር»፣ ልጅ «ደቡብ ጎንደር ዞን» ይለዋል። ጋይንት በአንድ ወቅት የአውራጃ ስም ነበር፤ ዛሬ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት የተባሉ ወረዳዎች ሆኗል። ከስማዳ ሰዴ ሙጃ፣ ከእስቴ እንዳቤት ተለይተው የየራሳቸው ወረዳ ሆነዋል። በአሮጌ ደብዳቤ ወይም በውርስ ወረቀት ላይ «ስማዳ» ተብሎ የተጻፈ ጎጥ ዛሬ በሌላ ወረዳ መዝገብ ሊገኝ ይችላል። የመሬቱ ነጥብ ግን ያው ነው፤ አይቀየርም። የጂፒኤስ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ስሙ ቢለወጥ፣ ወረዳው ቢከፈል፣ ገበያው ወደ ሌላ ሜዳ ቢዛወር፣ በትክክል የተለካ ነጥብ ባለበት ይቆያል።

ሰዎቹም ተንቀሳቅሰዋል

ከቦታው ስም ሌላ የቤተሰቡ ታሪክ ራሱ በአንድ ነጥብ ላይ አይቆምም። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የተገደዱ ብዙ ሙስሊሞች ቀዬአቸውን ጥለው ተሰደዋል፤ ከጎንደር ምድር ወደ መተማና ወደ ሱዳን የወረዱ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኀብ ጊዜም የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ስለዚህ «የአያቴ አገር» የሚለው አንድ ቃል የተወለደበትን፣ ያገባበትን፣ ተሰዶ የኖረበትንና የተቀበረበትን አራት ቦታ ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ ነጥብ «ይህ ቦታ ምኑ ነው? ከመቼ እስከ መቼ?» የሚል መልስ አብሮት ካልተጻፈ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ታሪኩ ይሳሳታል።

ጂፒኤስ እንዴት ይለካል?

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው የሳተላይት ሥርዓት ነው። ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ከምድር በላይ ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ያሰራጫል። ስልካችን መልእክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ይቆጥርና ርቀቱን ያሰላል። ከአራት ሳተላይቶች ርቀቱን ካወቀ ያለበትን ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ያገኛል። ጉዳዩ የሰዓት ጉዳይ በመሆኑ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰኮንድ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ያሳስታል።

ሥርዓቱ ሥራውን በሙሉ ኃይሉ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ማዛባቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 መጀመሪያ፣ በእኛ በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በጂፒኤስ የተለካ ነጥብ በቤተሰባችሁ መዝገብ ካለ ቀኑን ተመልከቱ፤ እንደገና መለካት ይኖርበታል።

ዛሬ አንድ ተራ ዘመናዊ ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ሜዳ ላይ 5 ሜትር ያህል በሆነ ስሕተት ቦታውን ያመለክታል። አብዛኞቹ ስልኮች ከጂፒኤስ ሌላ የሩስያን ግሎናስ፣ የአውሮፓን ጋሊሊዮና የቻይናን ቤይዱ ሳተላይቶችም ስለሚቀበሉ ሥራው ቀሎላቸዋል። ቤት ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከገደል ግርጌ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከባሽሎ ወንዝ በላይ ያለውን የታች ጋይንት ገደል ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ሸለቆው ውስጥ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ስለሆነ ስልኩ ጥቂት ሳተላይት ብቻ ያገኛል፤ ከዐለቱ ተመልሶ የሚመጣው ምልክትም መንገዱ ስለሚረዝም ርቀቱን ያሳስታል። በዚህ ጊዜ ስሕተቱ ወደ አሥሮች ሜትሮች ያድጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። ጂፒኤስ የስልክ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ይለካል። ሆኖም ኔትወርክ በሌለበት አገር ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ በሙሉ ከሰማይ መቀበል ስላለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ለማግኘት ብዙ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ሰማይ ሳያይ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ወዲያው ነጥብ የሚሰጥ ስልክ ቦታውን የገመተው ከኔትወርክ ማማዎች ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት በመቶዎች ሜትሮች፣ ማማ በሚራራቅበት ገጠር ደግሞ በኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚመዘግበው የቀብሩን ቦታ ሳይሆን የማማውን ግምት ነው።

በካርታው ላይ ነጥቡን ከቦ የሚታየው ሰማያዊ ክብ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ስልኩ «በዚህ ክብ ውስጥ የትም ልሆን እችላለሁ» ማለቱ ነው። ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ በብዙ ስልኮች እውነተኛው ቦታ ከክቡ ውስጥ የሚገኘው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ስንጽፍ የክቡንም ስፋት መጻፍ ይገባል።

አሃዙ ሲበዛ እውነቱ አይበዛም

አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ከጻፍን እያንዳንዱ እርምጃ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለት አሃዝ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት አሃዝ 110 ሜትር፣ አራት አሃዝ 11 ሜትር፣ አምስት አሃዝ 1.1 ሜትር ይሰጠናል። ስለዚህ ለቤትም ሆነ ለቀብር አምስት አሃዝ ከበቂ በላይ ነው። ስልኩ ሰባትና ስምንት አሃዝ ቢያሳይ ትርፉ ምንም ማለት አይደለም፤ 5 ሜትር የሚሳሳት መሣሪያ ሚሊ ሜትር አይለካም።

በአጻጻፍ የሚመጡ ሦስት ስሕተቶች አሉ፤ ሦስቱም ከመሣሪያው ስሕተት እጅግ ይበልጣሉ። ለናሙና ያህል ጋይንት ውስጥ የሚውለውን 11.6 ሰሜን፣ 38.5 ምሥራቅ እንውሰድ። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ነጥቡ በሰርዲኒያና በሲሲሊ ደሴቶች መካከል ባሕር ውስጥ ይወድቃል። «ሰሜን» የሚለው በስሕተት «ደቡብ» ቢባል ሞዛምቢክና ታንዛንያ ድንበር አካባቢ ያርፋል። እነዚህ ሁለቱ ወዲያው ስለሚታዩ ጉዳታቸው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ግን የሚደበቅ ነው። 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ማለት 11.60 ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ። ይህን ሳያስተውል «11.36» ብሎ የጻፈ ሰው ነጥቡን ከ26 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይገፋዋል። በጋይንት አገር ይህ ማለት ከደጋው አውርዶ ወደ ባሽሎ አቅጣጫ መወርወር ነው። ነጥቡ አሁንም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አሁንም ተራራና መንደር መካከል ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። የዚህ መድኃኒቱ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲጠቀም መስማማት ነው። በአሥርዮሽ ዲግሪ መጻፍ ከሁሉ ይቀላል።

አሮጌ ካርታዎችና የተጠጋጉ ቁጥሮች

አንዳንድ ቤተሰቦች ቦታውን ራሳቸው ሄደው ሳይሆን ከመዝገብ ላይ ያገኙታል። በኢንተርኔት የሚዞሩ ብዙ የኢትዮጵያ ቦታዎች ቁጥሮች የመጡት ከአሮጌ ካርታዎች ተነብበው ወደ ቅርቡ ሙሉ ደቂቃ ከተጠጋጉ ዝርዝሮች ነው። አንድ ደቂቃ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከማጠጋጋት ብቻ እስከ 1.3 ኪሎ ሜትር ስሕተት ይመጣል። ሜዳማ አገር ላይ ይህ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ገደል ባለበት ግን አፋፍ ላይ የነበረውን መንደር ቆላው ውስጥ ሊያስቀምጠው፣ ከወንዙ አጠገብ የነበረውንም አሻግሮ ደቡብ ወሎ ሊያደርገው ይችላል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው 1 ለ50,000 የሆኑ ካርታዎች ለቤተሰብ ታሪክ ትልቅ ሀብት ናቸው። ዛሬ የጠፉ የጎጥ፣ የምንጭና የወንዝ ስሞች በእነርሱ ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በተባለ የመለኪያ መነሻ ነው፤ መነሻው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ በናይል ዳር ያለ ነጥብ ነበር። ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ይለካል። ሁለቱ ለአንድ ቦታ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ በአገራችን ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው። ከአሮጌው ካርታ ቁጥር አንብቦ በቀጥታ ስልኩ ውስጥ ያስገባ ሰው የአያቱን ቤት ሲፈልግ ከጎረቤት ማሳ ላይ ይቆማል። ቁጥሩን ከመጠቀም በፊት ወደ አዲሱ መነሻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሠሩ የካርታ ፕሮግራሞች አሉ።

የሳተላይት ፎቶ ላይ ጣት ጭኖ ነጥብ መውሰድም ይቻላል። ቦታውን በደንብ ለሚያውቅ አረጋዊ ፎቶውን አሳይቶ «እዚህ ነው» ማስባል መልካም ዘዴ ነው። ይሁንና ፎቶው ራሱ ጥቂት ሜትሮች ይንሸራተታል፤ በገደላማ አገር ከዚያም ይበልጣል። ካርታው ላይ የተጻፈው የከተማ ስምም የከተማዋን መሐል የሚያመለክት እንጂ የማንንም ቤት የሚያመለክት አይደለም።

ለምን ጉዳይ ነው የሚለካው?

ትክክለኛነት ከጉዳዩ ጋር ይመዘናል። ቂብላን እንውሰድ። ከጋይንት የመካ አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 7 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ርቀቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ያለንበትን ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ብንሳሳት አቅጣጫው የሚለወጠው ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ በታች ነው፤ በዓይን አይለይም። ለቂብላ የከተማዋ ነጥብ ይበቃል። ለቀብር ግን 5 ሜትር ማለት የሌላ ሰው ቀብር ማለት ነው።

ይህ ሚዛን ለሙስሊሞች አዲስ አይደለም። አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ9ኛው መቶ ዘመን ከ2,400 በላይ ቦታዎችን ከነኬክሮሳቸውና ኬንትሮሳቸው በመጽሐፍ አስፍሯል። አል-ቢሩኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1025 የከተሞችን ቦታ በቁጥር ስለ መወሰን «ተሕዲድ» በሚል ስም የሚታወቀውን መጽሐፍ ጽፏል፤ ከዓላማዎቹ አንዱ የጋዝና ከተማን ቂብላ ማግኘት ነበር። አል-ቢሩኒ ከእርሱ በፊት የነበሩት የጻፏቸውን ቁጥሮች ዝም ብሎ አልተቀበለም። ማን፣ በምን መሣሪያ፣ እንዴት እንደለካው እየመረመረ አንዱን ከሌላው ያመዛዝን ነበር። የእኛም ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል።

ቁጥሩም ሰነድ ይፈልጋል

የሐዲስ ዑለማዎች አንድን ዘገባ ሲመረምሩ ቃሉን ብቻ አይመለከቱም፤ ሰነዱን፣ ማለትም ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይጠይቃሉ። ዘጋቢው ታማኝ ነው? በትክክል ያስታውሳል? ከነገረው ሰው ጋር ተገናኝቷል? ሰንሰለቱ የተቆረጠ ከሆነ ቃሉ ቢያምርም ደካማ ይባላል። የቤተሰብ ቦታም እንደዚሁ ሰነድ ያስፈልገዋል። ስልኩ የቆምንበትን ያውቃል፤ የቆምንበት ቦታ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። «ይህ የአባታችን አባት ቀብር ነው» የሚለው ሰው ነው። ሰውየው ከተሳሳተ ስልኩ ስሕተቱን በአምስት አሃዝ አሳምሮ ይመዘግበዋል።

በመሆኑም እያንዳንዱን ነጥብ ከሦስት ደረጃ በአንዱ መመደብ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ያየ ሰው ያሳየው ነው፤ በቀብሩ ዕለት የነበረ ወይም በዚያ ቤት ያደገ። ሁለተኛው ከሰማ ሰው የተገኘ ነው፤ «አባቴ እዚህ ነበር ያሉኝ» የሚል። ሦስተኛው እኛ ራሳችን ከካርታ ወይም ከወሬ የገመትነው ነው። ሦስቱም ይመዘገባሉ፤ ግን አንድ ላይ አይደባለቁም። ሁለት ያዩ ሰዎች ለየብቻቸው ተጠይቀው አንድ ቦታ ካሳዩ ነጥቡ ጸንቷል ማለት ነው። ካልተስማሙም ሁለቱንም ነጥብ መጻፍ እንጂ አንዱን በይሉኝታ መጣል አይገባም።

የተሟላ ምዝገባ ይህን ይመስላል፦ «የእናታችን አባት ቀብር። ከቀብሩ ራስጌ ተቁሞ የተለካ። ኬክሮስና ኬንትሮስ በአሥርዮሽ ዲግሪ፣ አምስት አሃዝ። የስሕተት ክብ 5 ሜትር፣ ሰማዩ ክፍት። ያሳየው የወንድማቸው ልጅ፣ በቀብሩ የነበረ። ከመስጂዱ በር ወደ ምሥራቅ 60 እርምጃ፤ ከትልቁ ወይራ በስተቀኝ፤ ራስጌው ላይ ሹል ድንጋይ አለ። የተለካበት ቀን፣ የለካው ሰው ስም።» ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፋል። ስልኩ ቢጠፋ በእርምጃና በድንጋይ ይገኛል፤ ወይራው ቢቆረጥ በቁጥሩ ይገኛል። አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዑስማን ኢብን መዝዑን በተቀበሩ ጊዜ ቀብራቸው እንዲታወቅና ከቤተሰብ የሚሞቱትም ከአጠገቡ እንዲቀበሩ ራስጌው ላይ ድንጋይ ማኖራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በገጠር ያሉ የሙስሊም ቀብሮች እስካሁንም አብዛኛዎቹ ጽሑፍ የሌላቸው፣ ድንጋይ ብቻ የቆመባቸው ናቸው። ድንጋዩን የሚያውቁት አረጋውያን ሲያልፉ ቀብሩም ከሌላው አይለይም። በትክክል የተለካ ነጥብ ቀብር ላይ ሕንፃ ሳይሠራ፣ ጌጥ ሳይጨመር፣ ያንኑ የድንጋዩን አገልግሎት ይሰጣል።

ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ

በዓልን ወይም ሐዘንን ምክንያት አድርጎ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የሚሄድ ሰው እነዚህን ነገሮች ቢያደርግ ድካሙ ፍሬ ይኖረዋል፦

ከሁሉ በፊት ከቤተሰቡ አዛውንት ጋር ይቀመጥ። ሸህ አጎቱን ወይም አያቱን ሳያስቸኩል ይጠይቅ፤ ፈቃዳቸውን አግኝቶ ድምፃቸውን ይቅዳ። መሄድ የሚችሉ ከሆነ ቦታው ድረስ አብረው ይሂዱ፤ ካልቻሉ የሚያምኑትን ሰው ይላኩለት። ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች የመጣበትን ጉዳይ አስቀድሞ ይንገር። መሣሪያ ይዞ የሰው ማሳ ላይ የሚዞር እንግዳ ያሳስባል።

ቦታው ላይ ሲደርስ ሰማይ በሚታይበት ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ፤ ክቡ መጥበብ ሲያቆም ይመዝግብ። ቢቻል በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ቀን ተመልሶ እንደገና ይለካ። ሁለቱ ልኬቶች የሚለያዩበት ርቀት የመሣሪያውን እውነተኛ ጠባይ ይነግረዋል። ገደል ሥር ከሆነ በአቅራቢያው ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ለክቶ ከዚያ እስከ ቀብሩ ያለውን አቅጣጫና እርምጃ መጻፍ ይሻላል።

ፎቶ ሲያነሣ ቀብሩን ብቻ ሳይሆን በስተጀርባው ያለውን ተራራና መስጂድ ጭምር ያስገባ። ፎቶው ውስጥ ቦታው በራሱ ይመዘገባል ብሎ ግን አይተማመን። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ የቦታው መረጃ ይፋቃልና ለዘመድ የደረሰው ፎቶ ባዶ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለሦስት የተለያዩ የቤተሰብ አባላት ያስቀምጥ።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

የቤተሰብ ነጥብ የመሬት ይዞታ ማስረጃ አይደለም። «አያቴ እዚህ ነበሩ» የሚለው ምዝገባ ዛሬ በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰውን ወገን ለመንካት ከዋለ ዝምድናን ለመቀጠል የተጀመረው ሥራ ዝምድናን ይቆርጣል። የወሰን ጉዳይ የመሬት አስተዳደርና የፍርድ ቤት ነው፤ 5 ሜትር የሚሳሳት ስልክም ለወሰን ዳኛ አይሆንም። ዘመድ ዛሬ የሚኖርበትን ቤት ነጥብ ያለ ፈቃዱ ለሁሉ በሚታይ ቦታ ማውጣትም አይገባም። ያለፉት ቀብር ለቤተሰቡ፣ የሕያዋን ደጅ ደግሞ ለባለቤቱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ስልኩን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቦታውን ግን ከእናንተ ይልቅ አያቶቻችሁ ያውቁታል። ሳተላይቶቹ ነገም ከነገ ወዲያም በሰማይ ይኖራሉ፤ ሊቸኮል የሚገባው ወደ አረጋውያኑ ነው። በመጪው በዓል ስልክ ስትደውሉ «እንደምን ከረማችሁ» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «አያታችን የተቀበሩት የት ነው? ቦታውን ያየ ማን ቀርቷል?» የሚመልስላችሁን ሰው ስም ጻፉ፤ ቁጥሩ ኋላ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። አላህ ያለፉትን ይማር፣ የቀሩትንም ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።